የዘንዶዎቹን ጦርነት ከመጨረሻው ጀምራችሁ አስቡት

ሰላም ልጆች። ስለ ሃውስ ኦፍ ዘ ድራጎን ተከታታይ ፊልም ስትከራከሩ እሰማችኋለሁ። «ሬኒራ አባቷ ሲሞት ዋና ከተማው ኪንግስ ላንዲንግ ብትሆን ኖሮ»፣ «ባሏ ዴሞን ባይሞት ኖሮ»፣ «ትልቋ ዘንዶ ከነሱ ወገን ብትሆን ኖሮ» ትባባላላችሁ። በጣም ደስ ይለኛል። አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች ጊዜ ማባከን ነው ይሏችኋል፣ አትስሟቸው። ያልሆነውን አጥብቆ ማሰብ የሆነው ነገር ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ ጥሩው ነው።

እኔ ጠበቃ ነኝ፣ ሥራዬም ውርስ ነው። ወንድም እህቱን፣ የእንጀራ ልጅ የእንጀራ እናቱን ሲከስ ሳይ ነው ያረጀሁት። ይህን ታሪክ ዘንዶዎቹን ብታወጡለት በየችሎቱ የማየው ዓይነት መዝገብ ነው። ሚስቱ የሞተችበት ሰው (ንጉሥ ቪሴሪስ)፣ አንዲት ሴት ልጅ (ሬኒራ)፣ ሁለተኛ ሚስት (አሊሰንት)፣ ከሁለተኛዋ የተወለዱ ወንዶች ልጆች (ኤጎን፣ ኤመንድ፣ ዴሮን)፣ እና ወንዶቹ ከመወለዳቸው በፊት የተነገረ፣ ዙፋኑን ሬኒራ ትውረስ የሚል ቃል። ስለዚህ ልምከራችሁ። (ተከታታዩን ብቻ የምታዩ፣ መጽሐፉን ያላነበባችሁ ካላችሁ ተጠንቀቁ፣ መጨረሻውን እነግራችኋለሁ።)

ምክሬ ይኼ ነው፦ ከጦርነቱ አትጀምሩ። ከመጨረሻው እርቅ ጀምሩ። ነገሩ በመጨረሻ በምን አለቀ ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሂዱና ያ መፍትሔ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ የቀረበው መቼ እንደሆነ ፈልጉ። ማን እንቢ አለ? ለምን? እውነተኛው «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» ያለው እዚያ ቀን ላይ ነው።

በምን አለቀ? ሁለቱም ሞቱ። ሬኒራ በነሱ አቆጣጠር በ130 በወንድሟ ዘንዶ ተበላች፣ ልጇ ፊት። ወንድሟ ኤጎን በድል ተመልሶ ብዙም ሳይቆይ በ131 በራሱ ሰዎች በመርዝ ተገደለ። ዙፋኑን የወረሰው የሬኒራ ልጅ ነው፤ እሱም የኤጎንን ሴት ልጅ አገባ። ሁለቱም ገና ልጆች ነበሩ። በቃ፣ ያ ሁሉ ከተማ የተቃጠለው፣ ያ ሁሉ ወጣት ያለቀው ሁለቱን ቤት በጋብቻ ለማያያዝ ሆነ ማለት ነው። ዘንዶዎቹም ከጦርነቱ በኋላ ብዙ አልቆዩም፣ የመጨረሻዋ በ153 ሞተች።

አሁን ወደ ኋላ ሂዱ። ተከታታይ ፊልሙን ደግማችሁ እዩት። ኤጎን ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ አያቱ ኦቶ ንጉሡ ዘንድ ገብቶ «ሬኒራን ለኤጎን እንዳራቸው» ይላል። ንጉሥ ቪሴሪስ ስቆ ያልፈዋል። በዕድሜያቸው የተነሳ ሊያስቅ ይችላል፣ እሺ። ከዓመታት በኋላ ግን ራሷ ሬኒራ በምክር ቤቱ ፊት ትነሳና «የበኩር ልጄ ጄስ ያንቺን ልጅ ሄሌናን ያግባ፣ በኋላ አብረው ይንገሡ» ብላ አሊሰንትን ትጠይቃታለች። ይኼ እኮ ጦርነቱን ከጨረሰው እርቅ ጋር አንድ ዓይነት ነው! ንጉሡም ሐሳቡን ወዶታል። አሊሰንት እንቢ አለች፣ እሱም ዝም አለ። በስንት ሺህ ሰው ሬሳ የተገዛው መፍትሔ ያን ቀን በነፃ ቀርቦ ነበር።

ይህ የደራሲ ፈጠራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጆርጅ ማርቲን ታሪኩን ሲፈጥር ያሰበው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የተካሄደውን የእርስ በርስ ጦርነት እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ያንን ጦርነት አጥኑት፣ አትቆጩም።

ንጉሥ ቀዳማዊ ሄንሪ ከሕጋዊ ሚስቱ የወለደው አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነበረው፣ እሱም እ.ኤ.አ. በ1120 መርከብ ሰጥማ ሞተ። የቀረችው ማቲልዳ የምትባል ሴት ልጅ ናት። አባቷ መኳንንቱን ሰብስቦ አስማለላት። ከማሉት አንዱ የአክስቷ ልጅ ስቲቨን ነበር። አባትየው ታኅሣሥ 1 ቀን 1135 ሲሞት ማቲልዳ ከባሕሩ ማዶ ነበረች፣ ያውም ነፍሰ ጡር። ስቲቨን ባሕሩን ተሻግሮ ለንደን ገባ፣ ከዚያ ዊንቸስተር ሄዶ በጳጳሱ ወንድሙ እርዳታ ግምጃ ቤቱን ያዘ፣ በወሩ 22ኛው ቀን ዘውድ ጫነ። ሬኒራን ከነእርግዝናዋ ድራጎንስቶን ላይ ስታዩዋት ማንን እያያችሁ እንደሆነ ገባችሁ አይደል?

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ 1141 ነው። በዚያ ዓመት የካቲት ላይ ማቲልዳ ስቲቨንን ሊንከን በተባለ ቦታ ማረከችው። ንጉሡ እጇ ላይ ነው። የስቲቨን ወንድም ጳጳሱ ሄንሪ ሳይቀር ወደ እሷ ዞሯል። ታዲያ ጳጳሱ አንድ ነገር ለመናት፦ የስቲቨን ልጅ ዩስታስ የአባቱን የግል ርስት ይውረስ፣ ዙፋኑን አይደለም። እንቢ አለች። ጳጳሱ አኩርፎ ወጣ። በሰኔ የለንደን ሕዝብ ተነስቶባት ዘውድ ሳትጭን ከከተማዋ ሸሸች፣ በመስከረም ዋና አዛዥዋ የሆነው ወንድሟ ተማረከ፣ ስቲቨንን ሰጥታ እሱን ማስለቀቅ ግድ ሆነባት። ሁሉም ነገር እንደገና ከዜሮ።

እርቁ የመጣው በ1153 ነው። ስቲቨን እስኪሞት ይንገሥ፣ ከሱ በኋላ የማቲልዳ ልጅ ሄንሪ ይውረስ ተባለ። የስቲቨን ታናሽ ልጅ ዊልያምስ? ዙፋኑን ተወ፣ ርስቱ ግን ተጠበቀለት። እናቲቱ በ1141 ለአንዱ ወንድም የነፈገችውን ልጇ በ1153 ለሌላው ሰጠ ማለት ነው። መሐል ላይ 12 ዓመት። ዊልያም ደግሞ ማንም አልገደለውም፤ በ1159 የሞተው በዚያው በአዲሱ ንጉሥ ዘመቻ ተሰልፎ ሲመለስ ነው።

ይህን ዊልያምን አትርሱብኝ፣ ምክንያቱም የአሊሰንት ፍርሃት መልስ እሱ ነው። ብዙዎቻችሁ አሊሰንትን ትጠሏታላችሁ፣ በአንድ ቃል «ክፉ» ብላችሁ ታልፏታላችሁ። እኔ ግን እንደሷ ያሉ ብዙ እናቶችን ፊት ለፊት ተቀምጬ አነጋግሬያለሁ። ንብረት አይደለም የሚያሳስባቸው። «እሷ ቤቱን ከያዘች ልጆቼን ታባርርብኛለች» ነው የሚሉት። አባቷ ኦቶ ለአሊሰንት የነገራት ከዚያ የከፋ ነው፦ ሬኒራ ዙፋኗን ለማጽናት ስትል ልጆችሽን ማረዷ አይቀርም አላት። እንዲህ የሚያምን ሰው ጋብቻ ብታቀርቡለት ምን ይሆንለታል? አንዲት ሴት ልጁ ትድናለች፣ ሦስቱ ወንዶችስ? ሬኒራ ያን ቀን ለሄሌና ዘውድ፣ ለኤመንድም ዘንዶዋ እንቁላል ከጣለች አንዱን የመምረጥ ተስፋ ይዛ መጣች፣ ለኤጎን እና ለዴሮን ግን ምንም አልያዘችም። ርስት የለ፣ ዋስ የለ። ስለዚህ «አሊሰንት እሺ ብትል ኖሮ» ብላችሁ ብቻ አትጀምሩ። እሺ እንድትል ምን ማየት ነበረባት የሚለውን ጻፉ። የእናንተ ታሪክ ከሌላው ሰው ታሪክ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ንጉሡ ልምጣ፣ በሱ ላይ እበሳጫለሁና። ቪሴሪስ ደግ ሰው ነው፣ ግን ነገሩን ሾላ በድፍን አድርጎ ነው የኖረው። እሱ ራሱ ንጉሥ የሆነው በ101 ሃረንሃል ላይ የተሰበሰቡት መሳፍንት በሴት በኩል ከሚመጣ ወራሽ በወንድ በኩል የሚመጣውን ስለመረጡ ነው። እሱን ያነገሠው ውሳኔ ልጁን ይከለክላል። ይህን እያወቀ በ105 ለሬኒራ አስማለላት፣ በ107 ኤጎን ተወለደ፣ በ129 ሞተ። በዚህ ሁሉ ጊዜ መሐላውን አላሳደሰም። ከማሉት መካከል ብዙዎቹ ሞቱ፣ ልጆቻቸው ተተኩ። የሬኒራ ልጅ ሉሴሪስ የስቶርምስ ኤንድ ጌታ ቦረስ ዘንድ ሄዶ «ቃላችሁን አክብሩ» ሲል የማለው እኮ የቦረስ አባት ነው፣ ቦረስ አይደለም።

የኛን አገር ሕግ ለምታጠኑ፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከኑዛዜ በኋላ ልጅ ሲወለድ ምን እንደሚሆን ለብቻው ደንግጓል፣ ምክንያቱም አዲስ ልጅ ሲመጣ የድሮው ቃል እንደነበረ አይቆምም። በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜም በመደበኛው አራት ምስክር ይጠይቃል። ቪሴሪስ ሲያጣጥር «ኤጎን» እያለ ያጉረመረመውን የሰማው ማን ነበር? አንድ ሰው፣ ያውም የተጠቃሚው እናት። በዚያ ቃል ነው አገር የነደደው። ለዚህ ነው «ሬኒራ ከአባቷ አጠገብ ብትሆን ኖሮ» የሚለው ግምት ብዙ የማያሳምነኝ። ዘበኛውም ምክር ቤቱም የአረንጓዴዎቹ (የአሊሰንት ወገን) ነው፣ ብትገኝ ኖሮ የምትታሰር ይመስለኛል። «ንጉሡ በ107 ሁሉንም እንደገና ሰብስቦ፣ ሕፃኑን ታቅፎ፣ ቢያስምል ኖሮ» በሉኝ፣ ያኔ ቁጭ ብዬ እሰማችኋለሁ።

ስለ ውጊያዎቹ ብዙ አልልም። ዴሞን ከኤመንድ ጋር ሐይቁ ላይ ባይሞት ኖሮ ምን ይሆን ነበር? አንድ ዘንዶና አንድ ቁጡ ሰው ይተርፋል፣ ክርክሩ ግን ያው ነው።

ገንዘቡ ግን ሌላ ነው፣ እሱን በደንብ አስቡበት። ሬኒራ ኪንግስ ላንዲንግን ያለብዙ ውጊያ ስትይዝ ግምጃ ቤቱን ባዶ ነው ያገኘችው። የኤጎን የገንዘብ ሹም ታይላንድ ላኒስተር አስቀድሞ ወርቁን ከፋፍሎ ወደ ካስተርሊ ሮክ፣ ወደ ኦልድታውን እና ወደ ብራቮስ ባንክ አሽሽቶታል። አሰቃዩት፣ አሳወሩት፣ አልተናገረም። ንግሥቲቱ ወታደር ማብላት አለባት፣ ስለዚህ የገንዘብ ሹሟ ባርቲሞስ ሴልቲጋር በመጠጡ በወደቡ ላይ ግብር ቆለለ። የራበው፣ የፈራው ከተማ የሄሌና ሞት ሲሰማ ፈነዳ። ሰባኪ ተነሳ፣ ሕዝቡ የዘንዶዎቹን ጉድጓድ ሰብሮ ገባ፣ በአንድ ሌሊት አምስት ዘንዶ አለቀ። ከሰማይ ላይ ማንም ያላሸነፋቸውን ጫማ የሌላቸው ሰዎች ገደሏቸው። ለዚህ ሁሉ ገንዘቡ ብቻ ነው ምክንያቱ አልልም፣ ግን ስቲቨን ዊንቸስተር ግምጃ ቤት የሮጠበትን ፍጥነት አስታውሱና ሬኒራ ወርቁን አግኝታ ቢሆን ብላችሁ ጻፉ። ግብር የለም፣ ከተማው አይነሳም፣ ዘንዶዎቹ ይተርፋሉ። ጥሩ። ከዚያስ? ኤጎን አምልጧል፣ ኤመንድ አለ፣ ዴሮን አለ። አሸንፋም ቢሆን «የወንድሞቼን ነገር ምን ላድርገው» የሚለው ጥያቄ ያለበት ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ገንዘብ ጊዜ ይገዛላታል፣ ዋስትናውን ግን ራሷ መስጠት አለባት።

አንድ የሥራ ነገር ልጨምር፣ ለራሳችሁ ታሪክ ስትጽፉ ይጠቅማችኋል። ሰዎቹ ያኔ የማያውቁትን አታሳውቋቸው። አሊሰንት ልጆቿ እንደሚያልቁ አታውቅም፣ ማቲልዳም 12 ዓመት እንደሚቀራት አታውቅም። በሚያውቁት፣ በሚፈሩት፣ በዚያ ቀን በነበራቸው ኃይል ብቻ አንቀሳቅሷቸው። ይህን ስታደርጉ ለምትጠሉት ሰው ማዘን ትጀምራላችሁ። አትደንግጡ፣ በትክክል እየሠራችሁ ነው።

እኔ ብጽፍ የምመርጠው ያን የምክር ቤት ቀን ነው። ሬኒራ ጋብቻውን ታቀርባለች፣ ንጉሡ ይወደዋል፣ አሊሰንት ፊቷን ታዞራለች። ለውጤ አንድ ብቻ ነው፦ ኮርሊስ ቬላሪዮን እዚያ ክፍል ውስጥ አለ። በጦርነቱ መጨረሻ የሁለቱን ልጆች ጋብቻ አጥብቆ የጠየቀው እሱ ነው፣ መርከብ አለው፣ ሀብት አለው፣ ሁለቱም ወገን ይፈራዋል። ዋስ ይሁን። ለኤጎን እና ለዴሮን ርስት በስማቸው ይጻፍ፣ ማንም የነካቸው ከኮርሊስ መርከቦች ጋር ይገጥማል ይባል። አሊሰንት ያኔ ቢያንስ ታስብበታለች ብዬ አምናለሁ።

የሚያስቸግረኝ ኤመንድ ነው። ያን ቀን ሁለት ዓይን አለው (አንዱን በኋላ ያጣል)፣ ዘንዶ ግን የለውም፣ ወንድሙና የእህቱ ልጆች ይስቁበታል። ርስትና የእንቁላል ተስፋ ብቻ አይበቃውም። ለእሱ ምን መስጠት እንደሚሻል እስካሁን አልመጣልኝም፣ እናንተ ያላችሁን ጻፉልኝ።