የጂሲኤስኢ ውጤት ለምትጠብቁ ልጆቻችን

ብዙ ዘመን ለንደን ውስጥ ኮሌጅ ሂሳብ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ነሐሴ ሲደርስ፣ በ16 ዓመት የሚወሰደው የጂሲኤስኢ ፈተና ውጤት ሲወጣ ግን ስልኬ አሁንም አያርፍም። የወገን ልጆች ናቸው። «ጋሼ፣ አምስት መጣልኝ፣ ጥሩ ነው?» ይሉኛል። እናት ከኋላ «ከስንት ነው?» ትላለች።

እናታችሁ አይፈረድባትም። እሷ የምታውቀው ማትሪክን ነው። እንግሊዞቹም ቢሆኑ በዚህ ቁጥር ግራ የሚጋቡ ሞልተዋል። በ2017 በሂሳብና በእንግሊዝኛ ተጀምሮ ፊደሉ ቀረና ከ9 እስከ 1 ያለው ቁጥር መጣ። 9 ከፍተኛው ነው። 4 ማለፊያ፣ 5 ጠንካራ ማለፊያ ይባላል። ይህ የኢንግላንድ ነው፤ ዌልስ በፊደሉ ቀጥላለች፣ ስኮትላንድ ድሮም የራሷ ፈተና አላት። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ወደ ኋላ ሄጄ ማውራት የፈለግሁት በምክንያት ነው። በ16 ዓመታችሁ የሚሰጣችሁ ወረቀት ከሰማይ የወረደ ፍርድ ይመስላችኋል። ሰው ያወጣው ደንብ ነው። ሰውም ደጋግሞ ቀይሮታል።

ድሮ ስኩል ሰርተፊኬት የሚባል ነበር። የታዘዙትን ትምህርቶች አንድ ላይ ካላለፍክ ሰርተፊኬት አይሰጥህም። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። በ1951 ኦ-ሌቨል ሲተካው እያንዳንዱ ትምህርት ለብቻው ይቆጠር ጀመር። ያለፍከውን ይዘህ ትሄዳለህ።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን የ11 ዓመቱ ፈተና ነው። በ1944 የወጣው ሕግ ሁለተኛ ደረጃን ለሁሉም በነጻ አደረገ። መልካም ሕግ ነው። ግን ልጆቹ ገና በ11 ዓመታቸው ኢለቨን ፕላስ በሚባል ፈተና ይለያዩ ነበር። ያለፈው ለቀለም ትምህርት ወደተመረጡት ልጆች ግራመር ስኩል፣ ብዙኃኑ ለቀሩት ወደተተወው ሰከንደሪ ሞደርን። ግራመር ለመግባት የሚያስፈልገው ነጥብ እንደ ሰፈሩ ነበር፤ አንዱ አካባቢ ብዙ ቦታ ነበረው፣ ሌላው ጥቂት። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ሴቶች ልጆች የተሻለ ውጤት ስለሚያመጡና ለእነሱ የተመደበው ቦታ ስለሚያንስ፣ ከወንዶቹ የበለጠ ነጥብ ይጠየቁ ነበር። ሴት ልጆች፣ ይህቺን ያዙልኝ። ወድቃለች የተባለችው ልጅ ካለፈው ልጅ የበለጠ ያመጣች ልትሆን ትችላለች።

ሰከንደሪ ሞደርን የገቡት ብዙዎቹ በ15 ዓመታቸው ምንም ወረቀት ሳይዙ ይወጡ ነበር። በ1965 ሲኤስኢ የሚባል ፈተና መጣላቸው። የሱ አንደኛ ደረጃ ከኦ-ሌቨል ማለፊያ እኩል ነው ተባለ። በወረቀት እኩል፣ በቀጣሪው ዓይን ግን ሁለተኛ። ሁለቱ ተዋህደው ጂሲኤስኢ የሆኑት በኋላ ነው፤ የመጀመሪያው ፈተና በ1988 ተሰጠ። ኢለቨን ፕላስ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ኬንትና ቡኪንግሃምሺር ዛሬም አለ። ከኛም ወላጆች ለዚህ ፈተና አስጠኚ የሚቀጥሩ አውቃለሁ። አልቃወምም፤ ያላለፈውን ልጅ እቤት ውስጥ እንደ ደካማ ማየት ግን ነውር ነው።

2020ን የምታስታውሱ ታላላቆች አሏችሁ። በኮቪድ ምክንያት ፈተና ቀረ። የፈተና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍኳል በ18 ዓመት የሚወሰደውን የኤ-ሌቨል ፈተና ውጤት በቀመር አወጣ። ቀመሩ የትምህርት ቤቱን ያለፉ ዓመታት ውጤት እያየ መምህራን ከሰጡት ግምት ወደ 40 በመቶ የሚጠጋውን ዝቅ አደረገ። ጥቂት ተማሪ ያለበት ክፍል የመምህሩን ግምት ይዞ አለፈ፤ ትልቅ ክፍል ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ተጎዳ። ጎበዝ ልጅ፣ ትምህርት ቤቱ ደካማ ስለነበር ብቻ ተቀነሰበት። ልጆቹ ሰልፍ ወጡ። ውጤቱ በወጣ በአራተኛው ቀን መንግሥት አጠፈው።

እንግዲህ ፈተናውን ናቁት ማለቴ አይደለም። በፍጹም! ሂሳብና እንግሊዝኛ ላይ 4 ከሌላችሁ እዚህ አገር ብዙ በር ይንገራገጫል። ነርስነት ብትሉ፣ መምህርነት ብትሉ፣ መጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን ነው የሚጠይቋችሁ። ሌላው ቢጎድል ይደርሳል። በሁለቱ 4 ያላመጣም ኢንግላንድ ውስጥ ኮሌጅ ሲገባ ያንኑ ሂሳብ ወይም እንግሊዝኛ መቀጠል ግዴታው ነው፤ ስለዚህ አትሸማቀቁ፣ ክፍሉ እንደናንተ ባሉ ልጆች የተሞላ ነው። ውጤቱ ካልተዋጠላችሁ ትምህርት ቤታችሁ እርማቱ ዳግም እንዲታይ ማመልከት ይችላል። ግን ነጥቡ ሊወርድም ስለሚችል አስቡበት።

አሁን ወላጆቻችሁ የማይወዱትን ልናገር። ቢቴክ የሚባለውን የሙያ ትምህርት ስናነሳ ፊታቸው ይጠቁራል። የቴክኒክ ትምህርት ለሰነፍ ነው የሚለውን ከአገር ቤት ብቻ ያመጣነው አይምሰላችሁ፤ እንግሊዞቹም አለባቸው። ከ1944ቱ ሕግ በኋላ ከግራመርና ከሰከንደሪ ሞደርን ጎን የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች ታቅደው ነበር። የተሠሩት ጥቂት ናቸው። ገንዘቡም ፍላጎቱም አልነበረም። በ2020 ደግሞ ቲ-ሌቨል የሚባል የቴክኒክ ትምህርት ይዘው መጡ። ስሙ ይቀያየራል፣ ንቀቱ አይለቅም። እናንተ ግን ስሌቱን ሥሩ። የዩኒቨርሲቲ ክፍያ በ1998 ሲጀመር በዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ ነበር፤ በ2012 እስከ 9,000 ደረሰ። ዲግሪ አፕረንቲስሺፕ፣ ማለትም ተቀጥሮ እየሠሩ ዲግሪ የሚማሩበት መንገድ የገባ ልጅ ግን ደመወዝ እየበላ ይማራል፣ የትምህርቱን ክፍያም አይከፍልም። የተማሪ ብድር ወለድ ስላለው በሃይማኖት ምክንያት የሚከብዳቸው ቤተሰቦቻችን ይህን መንገድ ቀድመው ቢያዩት ደስ ይለኛል። ቦታው ግን ጥቂት፣ ፉክክሩም ከባድ ነው። በመስከረም የመጨረሻውን የትምህርት ቤት ዓመት፣ ይር 13ን፣ ስትጀምሩ መፈለግ ጀምሩ። የግንቦቱን ፈተና አትጠብቁ።

አንድ ነገር ለእናቶቻችሁ አድርሱልኝ። ኢንግላንድ ውስጥ 19 ዓመት የሞላውና በሂሳብ ወይም በእንግሊዝኛ 4 የሌለው ሰው፣ የመኖሪያ መስፈርቱን ካሟላ እነዚህን ትምህርቶች እስከዚያ ደረጃ በነጻ መማር ይችላል። የምዝገባ ቅጹ ላይ እርዷት። ማታ ክፍል ውስጥ ያስተማርኳቸው ጎበዞች አብዛኞቹ ልጅ ያሳደጉ ሴቶች ነበሩ።