«ራሱን ተገለለ» ይባላል?

ጥያቄ፦ ቴክሳስ ላሉ አማርኛ አንባቢዎች የምርጫ ማስታወቂያ ስንተረጉም «አንዱ ዕጩ ራሱን ከድጋሚ ምርጫው ከተገለለ ቀሪው ዕጩ ዕጩ ይሆናል» ብለን ጻፍን። ያነበበው ሁሉ ግራ ተጋባ። ስሕተቱ የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ ሦስት ቦታ ላይ ነው። ቀላሉ ግሱ ነው። «ተገለለ» ተደራጊ ስለሆነ «ራሱን» የሚል ተሳቢ አይሸከምም፤ «ራሱን አገለለ» በሉ። «ተገለለ» ብቻውን ሲቆም ደግሞ ሌላ አካል ያስወጣው ያስመስላል። «ለቀቀ» ከዚህም ይብሳል። ቴክሳስን ወክሎ የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አባል የነበረው ቫን ቴይለር እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2022 በተካሄደው የሪፐብሊካን ዕጩ መምረጫ 49 በመቶ ገደማ አግኝቶ በማግስቱ ራሱን ከውድድሩ አገለለ። «ለቀቀ» ብትሉ መቀመጫውን የተወ ይመስላል፤ እሱ ግን ዘመኑ እስኪያልቅ እስከ ጃንዋሪ 2023 ሠርቷል።

«ድጋሚ ምርጫ» የኢትዮጵያን አንባቢ ያሳስታል። በአገር ቤት ቃሉ የሚውለው ችግር ገጥሞት እንደገና ለሚካሄድ ምርጫ ነው፤ ሰኔ 2016 ዓ.ም. «ቀሪና ድጋሚ ምርጫ» የተባለውን አስታውሱ። የቴክሳሱ ግን ማንም ከግማሽ በላይ ድምፅ ሳያገኝ ሲቀር ሁለቱን ቀዳሚዎች የሚለይ ነው። ከኳሱ «መለያ ምት» ተበድሮ «የመለያ ምርጫ» ቢባል ማንም ይገባዋል። ከግማሽ በላይ ላላገኘ ተወዳዳሪም «አብላጫ ድምፅ ያላገኘ» አትበሉ። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፣ ግማሹን ባያልፍም። ቴይለርም በዚህ አቈጣጠር አሸናፊ ነበር!

ትልቁ ጣጣ «ዕጩ» ነው፤ የሚወዳደረውንም ፓርቲው የወከለውንም አንድ ላይ ይጠራል። በመምረጫው ያለውን «ተወዳዳሪ»፣ አልፎ የወጣውን «የፓርቲው ዕጩ» ብላችሁ ለዩ። ሁለተኛ የነበረው ኪት ሴልፍ ያለ መለያ ምርጫ የፓርቲው ዕጩ ሆነ፤ ሦስተኛዋ በቴይለር ቦታ አልተተካችም።

አንድ ነገር ልጨምር። «ማግለሉን አስታወቀ» እና «የማግለያ ጽሑፍ አስገባ» አንድ አይደሉም። ጽሑፉ ተፈርሞ፣ ፊርማው በኖተሪ ፊት ተረጋግጦ፣ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ለፓርቲው የካውንቲ ወይም የስቴት ሊቀመንበር መድረስ አለበት። ስለዚህ፦ «ከሁለቱ ተወዳዳሪዎች አንዱ በቀነ ገደቡ ውስጥ ራሱን ማግለሉን በጽሑፍ ካስገባ የመለያ ምርጫው ይቀራል፤ ሌላው ተወዳዳሪ የፓርቲው ዕጩ ይሆናል።»