ቤዳርድ ወይስ ሴለብሪኒ፦ ስለቀረበልዎ ልውውጥ

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን እንዲህ ተረድቼዋለሁ፦ ተጫዋቾችን ከዓመት ዓመት ይዞ መቆየት በሚፈቅደው የፋንታሲ ሆኪ ሊጋችሁ (እውነተኛ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾችን መርጣችሁ በእነሱ ውጤት በምትወዳደሩበት ጨዋታ) ውስጥ የቺካጎ ብላክሆክሱ ሴንተር፣ ማለትም የመሐል አጥቂ፣ ኮነር ቤዳርድ በእጅዎ ነው፤ የሳን ሆዜ ሻርክሱን ማክሊን ሴለብሪኒን የያዘው ሰው ደግሞ ልጁን የሚለቅልዎ ቤዳርድን ከቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎ (በሊጋችሁ አዳዲስ ተጫዋቾች በተራ ሲከፋፈሉ በመጀመሪያው ዙር የመምረጥ መብትዎ) ጋር ደርበው ሲሰጡት ብቻ ነው። የ2024–25 የውድድር ዘመን (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አልቆ አዲሱ ገና ባልተጀመረበት በዚህ ወቅት የኔ መልስ ይህ ነው፦ አንድ ለአንድ ቢሆን ዛሬውኑ ይቀበሉ እል ነበር፤ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ከተጨመረበት ግን ይለፉት። በዚህ ጨዋታ በቆየሁባቸው ዓመታት ትልቁን ስሕተቴን የሠራሁት እንዲህ ባለው ልውውጥ ስለሆነ ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ሁለቱም በየድራፍታቸው (ቡድኖች አዳዲስ ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት ዓመታዊ ምርጫ) በአንደኛነት የተመረጡ ናቸው፤ ቤዳርድ በ2023፣ ሴለብሪኒ በ2024። በመካከላቸው ያለው የዕድሜ ልዩነት አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም። ቤዳርድ በመጀመሪያ ዓመቱ መንጋጋው ተሰብሮ 14 ጨዋታዎች ቢያመልጡትም በ68 ጨዋታ 61 ነጥብ (ያገባቸውና ያመቻቻቸው ጎሎች ድምር) አስመዝግቦ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተብሏል። ሴለብሪኒም በመጀመሪያ ጨዋታው አንድ ጎል አግብቶ አንድ ካመቻቸ በኋላ ተጎድቶ ቀጣዮቹን 12 ጨዋታዎች ሳይሰለፍ ቀርቷል፤ ዓመቱን የጨረሰው ግን በ70 ጨዋታ 25 ጎልና 38 አሲስት (ያመቻቻቸው ጎሎች)፣ በድምሩ 63 ነጥብ ይዞ ነው። ሁለቱንም በጨዋታ ብዛት ሲያካፍሏቸው የሚያገኙት ያው 0.90 ነው። እንግዲህ ሴለብሪኒ የቤዳርድን የመጀመሪያ ዓመት ደገመው እንጂ አልበለጠውም። ዛሬ በገበያው ላይ የሚታየው የዋጋ ልዩነት የመጣው ቤዳርድ በሁለተኛ ዓመቱ 82ቱንም ጨዋታ ተሰልፎ 67 ነጥብ ላይ በመቆሙ፣ ማለትም አማካዩ ወደ 0.82 በመውረዱ ነው። ተጋጣሚዎ የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎን የሚጠይቅዎ በዚህች በአንዲት ዓመት ላይ ተመሥርቶ ነው።

ይህን ስል ሴለብሪኒ ዛሬ የበለጠ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ አለው። ጨዋታዎቹን ተቀምጦ ለተመለከተ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። ቤዳርድ አንድ የተለየ ስጦታ አለው፦ ፓኳን (የሆኪዋን ጠፍጣፋ ክብ ጎማ) በዱላው ጫፍ ወደ እግሩ ሳብ ያደርግና አቅጣጫዋን ለውጦ በዚያው ቅጽበት ይለቃታል፤ ተከላካዩ ዱላውን የዘረጋው ፓኳ ቀድሞ ወደነበረችበት ቦታ ስለሆነ ግብ ጠባቂው ከየት እንደመጣች ሳያውቅ ታልፈዋለች። ነገር ግን ይህን ለማድረግ ፓኳ እሱ ዘንድ መድረስ አለባት፤ ባለፈው ዓመት ደግሞ ከጀማሪነቱ ዓመት የበለጠ ጨዋታ ተጫውቶ ወደ ግብ የላካቸው ምቶች ግን ያነሱ ነበሩ። ሴለብሪኒ በአንጻሩ ፓኳን ራሱ ሄዶ ያመጣታል። እስከ ራሱ ግብ ድረስ ተመልሶ ይከላከላል፤ በማዕዘን ላይ ተጋፍቶ ይነጥቃል፤ ነጥቆም ራሱ ይዟት ይወጣል። ቡድኑ ደካማ ሲሆን እንዲህ ያለው ተጫዋች ነጥቡ በጓደኞቹ ድክመት ብዙም አይጎዳም።

በሊጋችሁ ፌስኦፍ (ጨዋታ ሲጀመር ወይም ሲቀጥል ሁለት ተጫዋቾች ለፓኳ የሚፋለሙበት) የሚቆጠር ከሆነ ጉዳዩ ይከብዳል። ቤዳርድ በሁለቱም ዓመታት ከ40 በመቶ በታች ነው ያሸነፈው፤ ለሴንተር ይህ እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ አሠልጣኙ ወደ ክንፍ ቢያወጣው ደግሞ የሴንተርነት ቦታው ራሱ ሊያጠያይቅ ይችላል። ፕላስ ማይነስ (ተጫዋቹ ሜዳ ላይ ሳለ ቡድኑ ባገባውና በገባበት ጎል መካከል ያለው ልዩነት) የሚቆጠር ከሆነም የቤዳርድ በተከታታይ ማይነስ 44 እና ማይነስ 36 መሆኑን አይዘንጉ።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልመለስ። በ2017 ክረምት ኔተን ማኪነን በእጄ ነበር። እሱም በ2013 በአንደኛነት የተመረጠ ሴንተር ነው፤ በመጀመሪያ ዓመቱ 63 ነጥብ ካስመዘገበ በኋላ በተከታዮቹ ሦስት ዓመታት 38፣ 52 እና 53 ላይ ቆመ። ቡድኑ ኮሎራዶ አቫላንሽ በ2016–17 ከ82 ጨዋታ 48 ነጥብ ብቻ ሰብስቦ የሊጉ መጨረሻ ሆኖ ነበር። እኔም ‘ልጁ እዚህ ላይ ጨርሷል’ ብዬ ዕድሜው ከሠላሳ ባለፈ፣ በዚያ ዓመት ግን የተሻለ ነጥብ በነበረው ሴንተር ለወጥኩት፤ ይህን ያልኩበት መልእክት እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ፤ ገዢውም በየዓመቱ መልሶ ይልክልኛል። ማኪነን በቀጣዩ ዓመት በ74 ጨዋታ 97 ነጥብ አስመዘገበ። በ2023–24 ደግሞ 140 ነጥብ ሰብስቦ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆነ። የኔ ጥፋት የደካማ ቡድንን ቁጥር የልጁ ልክ አድርጌ መውሰዴ ነበር። የኒው ጀርሲ ዴቪልሱ ጃክ ሂዩዝም በመጀመሪያ ዓመቱ በ61 ጨዋታ 21 ነጥብ ብቻ ነበረው፤ በአራተኛው 99 ደረሰ። (ሴለብሪኒ በጀማሪነቱ ዓመት ቤቱ ያኖረው የቀድሞው የሻርክስ ኮከብ ጆ ቶርንተን እንኳ በመጀመሪያ ዓመቱ ያገኘው ሰባት ነጥብ ነበር።)

በእርግጥ ተስፋ የተጣለበት ሁሉ አይደርስም። በ2017 ድራፍት ሁለተኛ የተመረጠው ኖላን ፓትሪክ በሁለት ዓመት 30 እና 31 ነጥብ አግኝቶ ሳለ በራስ ምታት ሕመም ምክንያት ሙሉ የውድድር ዘመን አለፈው፤ ወደ ቀድሞ ተስፋውም አልተመለሰም። ቤዳርድን ግን ከእሱ ጋር አላስተካክለውም፤ 67 ነጥብ የወደቀ ተጫዋች ቁጥር አይደለምና።

የቡድኖቹ ሁኔታ ብዙ የሚያበላልጥ አይመስለኝም። ሳን ሆዜ በ52 ነጥብ የመጨረሻ፣ ቺካጎ በ61 ነጥብ ከመጨረሻ ሁለተኛ ነበሩ። ሴለብሪኒ አብረውት የሚያድጉ ዊል ስሚዝና በ2025 ሁለተኛ የተመረጠው ማይክል ሚሳ አሉት፤ ቤዳርድ ደግሞ በታኅሣሥ 2024 አሠልጣኙ ተሰናብቶ በዓመቱ አጋማሽ ሥርዓቱ ሁሉ የተለወጠበት ልጅ ነው፤ አሁን በጄፍ ብላሺል ሥር አዲስ ይጀምራል። ሊጋችሁ የተጫዋቾችን እውነተኛ ደመወዝ የሚቆጥር ከሆነ ግን አንድ ተጨባጭ ብልጫ አለ፦ የቤዳርድ የጀማሪ ውል (ደመወዙ በሊጉ ሕግ የተገደበው የመጀመሪያ ውል) በ2026 ሲያልቅ የሴለብሪኒ እስከ 2027 ይዘልቃል። የቡድኖች የደመወዝ ጣሪያ ከ95.5 ሚሊዮን ዶላር በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 113.5 ሚሊዮን ስለሚወጣ የቤዳርድ ቀጣይ ውል ርካሽ አይሆንም፤ ሴለብሪኒ አንድ ተጨማሪ ርካሽ ዓመት ይሰጥዎታል።

ስለዚህ ለተጋጣሚዎ ቤዳርድን ከሦስተኛ ዙር ምርጫ ጋር ያቅርቡለት፤ ፌስኦፍና ፕላስ ማይነስ የሚቆጠሩ ከሆነ ወይም ደመወዝ የሚታሰብ ከሆነ እስከ ሁለተኛ ዙር ድረስ ከፍ ማድረግ ይችላሉ። ከዚያ በላይ ካለ ቤዳርድን ይዘው ይቆዩ። ንግግሩን ግን የመስከረሙ ልምምድ ሳይጀመር ይጨርሱት፤ ከሁለቱ አንዱ በመጀመሪያዎቹ አሥር ጨዋታዎች አሥራ አምስት ነጥብ ካገኘ ዛሬ የምንነጋገርበት ዋጋ አይኖርም።