ሜሪላንድ ውስጥ የቤት ግብር ቅናሽ ሳያመለክቱ አይገኝም

እህታችን፣ «ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ከገዛን ሁለት ዓመት አለፈን፤ ግምቱ በመጨመሩ ወርሃዊ ክፍያችን ከፍ አለ፤ ለሚኖሩበት ቤት የሚሰጠው ቅናሽ እኛን ይመለከተናል ወይ?» ብለው ለጠየቁት፣ በራሴና በእናቴ ቤት ያየሁትን እጽፍልዎታለሁ።

የቤትዎን ዋጋ የሚገምተው ካውንቲው ሳይሆን የስቴቱ የግምት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ግምቱን የሚያድሰው በየሦስት ዓመቱ ነው። ጭማሪው በሦስት ዓመት ተከፋፍሎ ስለሚገባ፣ ቤትዎ ከ400,000 ወደ 550,000 ዶላር ቢያድግ በመጀመሪያው ዓመት የሚታሰበው 450,000 ነው። ግምቱ በዝቷል ካሉ፣ ማስታወቂያው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ይግባኝ ለማለት 45 ቀን አለዎት። እኔ ደብዳቤውን የክፍያ ጥያቄ ስላልሆነ ብቻ አስቀምጬው ቀኑ አልፎብኛል፤ እርስዎ ግን በዚያው ሳምንት ከፍተው የቤቱ ስፋትና የምድር ቤቱ ሁኔታ በትክክል መመዝገቡን ያረጋግጡ።

የጠየቁት ቅናሽ ሆምስቴድ ታክስ ክሬዲት ይባላል። ግብር የሚከፈልበት ግምት በዓመት ከተወሰነ መቶኛ በላይ እንዳያድግ ይገድባል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ገደቡ 10 በመቶ ስለሆነ፣ ከላይ ባለው ምሳሌ ግብሩ የሚታሰበው በ450,000 ሳይሆን በ440,000 ይሆናል። እዚህ ካውንቲ ጥቅሙ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ገደቡ ዝቅ ባለባቸው ካውንቲዎች ግን በየዓመቱ እየተጠራቀመ ትልቅ ገንዘብ ይሆናል። የሚሰጠው በእርግጥ ለሚኖሩበት አንድ ቤት ብቻ ስለሆነ፣ ባልና ሚስት ሁለት ቤት ቢኖራቸው ለሁለቱም ማመልከት አይችሉም። ማመልከቻው አንድ ጊዜ ብቻ ይሞላል። እኛ ቤቱን ስንገዛ ከፈረምናቸው ወረቀቶች አንዱ መስሎን ዓመታት አሳልፈናል። በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ አድራሻዎን ሲያስገቡ ማመልከቻዎ መጽደቁ ወይም አለመቅረቡ ተጽፎ ያገኙታል፤ ዛሬውኑ ይመልከቱት።

ብዙ ወገኖቻችን ከዚህ ጋር የሚያምታቱት ሌላው፣ በገቢ ላይ የተመሠረተው የቤት ባለቤቶች ክሬዲት ነው። ይህ የቤተሰብ ገቢያቸው ከ60,000 ዶላር ለማይበልጥ፣ ከቤቱና ከጡረታ ቁጠባው ውጪ ያለው ሀብታቸውም ከ200,000 ዶላር ለሚያንስ ሲሆን፣ እስከ ኦክቶበር 1 በየዓመቱ ማመልከት ያስፈልጋል። ገቢው 30,000 ዶላር የሆነ ቤተሰብ ግብሩ ከ1,680 ዶላር በላይ ቢሆን ትርፉ ይቀነስለታል፤ ስሌቱ የሚመለከተው ግን ከቤቱ ግምት የመጀመሪያውን 300,000 ዶላር ብቻ ነው። ለእናቴ ስሞላ የከበደኝ የገቢው ጉዳይ ነበር። ግብር የማይከፈልበት የሶሻል ሴኩሪቲ ገንዘብ ይቆጠራል፤ አብሯት የሚኖረው ወንድሜም ጥገኛዋ ስላልሆነ፣ ተመጣጣኝ ኪራይ የማይከፍላት ቢሆን ኖሮ ገቢው ከእርሷ ጋር ይደመር ነበር። አዛውንት ወላጆች ያላችሁ ሁሉ ይህን ቅጽ አብራችኋቸው ሙሉላቸው።

ግብሩን የሚከፍልልዎ የሞርጌጅ ድርጅቱ ከሆነ፣ ቅናሹ ሲጸድቅ አዲሱን የግብር ሰነድ ልከው የኤስክሮ ሂሳብዎ (ድርጅቱ ግብሩን ለመክፈል ከወርሃዊ ክፍያዎ የሚያስቀምጠው ገንዘብ) እንደገና እንዲሰላ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የእኔ ወርሃዊ ክፍያ የቀነሰው ይህን ካደረግሁ በኋላ ነው።