ብዙ ዘመን የቆመ ዲናሞ ለምን አልሞላ ይላል?

ጥያቄ፦ ለዓመታት ቆሞ የነበረ የአባቴ ቮልስ ሞተሩ ቢነሳም ዲናሞው ባትሪውን አልሞላ አለ፤ ካርቦኖቹ ተቀይረውም ለውጥ አልታየም። በመጨረሻ መካኒኩ ከባትሪው በሽቦ ለቅጽበት ኤሌክትሪክ ቢሰጠው መሥራት ጀመረ። ኤሌክትሪክ አመንጪው መሣሪያ ራሱ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ለምንድን ነው? የዲሲ (ባለ አንድ አቅጣጫ ጅረት) ጄኔሬተር ሁሉ እንዲህ ነውን?
(አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁሉም እንዲህ አይደለም፤ የሚለያዩት መግነጢሳቸውን በሚያገኙበት መንገድ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባገኘው ሕግ መሠረት በመግነጢስ መካከል የሚሽከረከር ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ የጅረቱ አቅጣጫ ግን በየግማሽ ዙሩ ስለሚገለበጥ፣ ከመዳብ ቁርጥራጮች የተሠራው ኮሙቴተር ካርቦኖቹን እየነካ የጥቅሉን ጫፎች ያፈራርቅና ወደ ውጭ የሚወጣውን ጅረት ባለ አንድ አቅጣጫ ያደርገዋል።

ለትንንሾቹ ጄኔሬተሮች ቋሚ መግነጢስ ይበቃል። ሌሎቹ በብረት ላይ የተጠመጠመ የመስክ ሽቦ አላቸው፤ ይህ ሽቦ ጅረቱን ከባትሪ ወይም ከሌላ ምንጭ የሚያገኝ ከሆነ ቅሪተ መግነጢስ (ጅረቱ ከተቋረጠ በኋላ በብረቱ ውስጥ የሚቀር መግነጢስ) አያስፈልገውም። የእርስዎ ዲናሞ ግን ራሱን በራሱ የሚያነቃቃ ነው። ሲሽከረከር በብረቱ ውስጥ የቀረው ደካማ መግነጢስ ጥቂት ቮልት ያመነጫል፤ ያም በመስክ ሽቦው በኩል አልፎ መግነጢሱን ያጠነክራል፤ የጠነከረው መግነጢስ ደግሞ ቮልቱን ይጨምራል፤ ብረቱ እስኪጠግብም (መግነጢሱ ከዚያ በላይ ብዙም መጠንከር እስከማይችል ድረስ) እንዲህ እየተደጋገፉ ያድጋሉ። ቅሪቱ ከጠፋ መነሻ የለም። መካኒኩ የመለሰለት ይህንኑ ነው፤ የባትሪውን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አምታቶ ቢሆን ኖሮ ዲናሞው በተገላቢጦሽ ማመንጨት በጀመረ ነበር።

የቮልስ ዲናሞ የመስክ ሽቦ ከአርማቸሩ (ከሚሽከረከረው ጥቅል) ጋር በትይዩ የተያያዘ ነው። የዚህ ዓይነቱ ጄኔሬተር ጭነት (ከእርሱ የሚወሰደው ጅረት) ሲበዛበት ቮልቱ በመጠኑ ይወርዳል፤ በመኪና ላይ ደግሞ ፍጥነቱ ስለሚለዋወጥ ያለ ሬጉሌተር (ያለ ቮልት መቆጣጠሪያ) አይሠራም። የመስክ ሽቦው በተከታታይ የተያያዘበት ጄኔሬተር ጠባዩ ተቃራኒ ነው፦ ጭነት ካልተሰጠው ቮልቱ ከቅሪቱ አያልፍም፣ ጭነቱ ሲጨምር ግን ቮልቱም ይጨምራል። ስለዚህ በአንድ መስመር የተያያዙ የጥንት የአርክ መብራቶችን ቢያገለግልም ለባትሪ መሙያነት አይመረጥም። ሁለቱንም አጣምሮ የያዘው ቅይጥ ጄኔሬተር፣ በትይዩው ጥቅል የሚወርደውን ቮልት በተከታታዩ ጥቅል ስለሚያካክስ፣ ጭነቱ ቢለዋወጥም ቮልቱን ብዙም አያናውጥም፤ በእኔ ግምት ለፋብሪካ መብራትና ማሽን ከሦስቱ የተሻለው እርሱ ነው።

ዲናሞዎ ዳግመኛ ከተኛ ግን ባትሪ ከማስነካትዎ በፊት የመስክ ሽቦው አለመበጠሱንና ኮሙቴተሩ አለመቆሸሹን ያስፈትሹ፤ እነዚህም ቅሪቱ ሳይጠፋ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ።