ስኳር ስላለባቸው አባትሽ እግር ለጠየቅሽው መልስ

እህቴ፣ ትናንት ማታ የለጠፍሽውን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብሁት። አባትሽ ስኳር ከተገኘባቸው ስምንት ዓመት እንደሆናቸው፣ በመንዝ መሐል ሜዳ አካባቢ በእርሻ እንደሚተዳደሩ፣ እግራቸው እንደሚቀዘቅዝና እንደሚደነዝዝ፣ በቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ሥር የወጣችው ትንሽ ቁስል ሦስት ሳምንት ቢያልፋትም ምንም እንደማታማቸው፣ እናትሽም በየማታው በሙቅ የጨው ውኃ እንደሚዘፈዝፉላቸው ገልጸሽ «ይህ ይበቃል ወይስ ሐኪም ቤት ልውሰዳቸው?» ብለሻል። ከሥር የተሰጡሽን ምክሮችም አይቻለሁ፤ ማር ቀቢበት ያለሽ አለ፣ የቡና ዱቄት ነስንሺበት ያለሽም አለ። እኔ የምነግርሽ በራሴ ላይ ከደረሰው ተነሥቼ ነው። ደብረ ብርሃን የምኖር ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ስኳር ከያዘኝ 17 ዓመት ሆነኝ፤ ከግራ እግሬ ሁለት ጣቶች የሉም። የሄዱትም አባትሽ አሁን በያዙት መንገድ ነው።

ከጻፍሽው ሁሉ ያስደነገጠኝ «አያማቸውም» የሚለው ቃል ነው። አንቺ እንደ መልካም ዜና ጽፈሽዋል። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቮችን ይጎዳል፤ ጉዳቱም የሚጀምረው ከረጃጅሞቹ ነርቮች ጫፍ፣ ማለትም ከእግር ጣቶች ነው። ጤነኛ ሰው ጠጠር ቢወጋው ያነክሳል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ያንን ቦታ ሳይረግጥ ይሰነብታል፤ ቁስሉ የሚድነውም በዚህ ነው። አባትሽ ግን ቁስሉ ላይ ሙሉ ክብደታቸውን ጥለው ቀኑን ሙሉ ይውላሉ፤ የሚያስጥላቸው ሕመም የለምና። በዚያ ላይ ስኳሩ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ለቁስሉ የሚደርሰው ደም ያንሳል። እኔ ይህን ሁሉ ለ28 ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተምሬአለሁ፤ በራሴ እግር ላይ ሲመጣ ግን አላወቅሁትም።

ከራሴ ጥፋት የተማርሁትን ሁለት ነገር ልንገርሽ። አንደኛው ነገር እሳትና ሙቅ ውኃ ነው። የኅዳርን ብርድ ለመንዝ ሰው አላስረዳም። በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ አንድ ማታ ባለቤቴ ቡና ልታፈላ ከሰሉን አቀጣጥላ ሳለ፣ እኔ እግሬን ወደ ማንደጃው አስጠግቼ የተማሪ ፈተና አርም ነበር። ያደረግሁት ከመንዝ የተላከልኝን ወፍራም የሱፍ ካልሲ ነበር። ጥቂት ቆይታ «ፀጉር የሚቃጠል ይሸተኛል» አለች። ዕጣኑ መስሎኝ ቀና አላልሁም። ጎንበስ ብላ ስታይ የካልሲዬ ጫፍ ጠቁሮ ይጨስ ነበር። ሽታውን ከእኔ ማዶ የተቀመጠችው ባለቤቴ ስትሰማ እኔ ግን እግሬ ላይ አንዳች አልተሰማኝም። ካልሲውን ስታወልቀው የጣቶቼ ቆዳ አብሮ ተነሣ።

ያን ጊዜ በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ብሄድ ኖሮ ዛሬ አሥሩም ጣቶቼ በነበሩ። ስለማያመኝ ግን ጫማዬን አድርጌ ትምህርት ቤት ሄድሁ። ውኃ የቋጠረውን በመርፌ አፈነዳሁት፤ ጎረቤት በመከረኝ መሠረት በየማታው በሙቅ የጨው ውኃ ዘፈዘፍሁት፤ የቴትራሳይክሊን እንክብል እየከፈትሁ ዱቄቱን ነሰነስሁበት። ይህን 17 ቀን አደረግሁ። ኋላ እንደተረዳሁት ሦስቱም ጎጂ ነበሩ። መዘፍዘፉ ቆዳውን አልፈስፍሶ ለጀርም በር ይከፍታል፣ ሲደርቅም ይሰነጥቀዋል፤ ደግሞም ስሜት የሌለው እግር የውኃውን ሙቀት አይለይም፤ በዚሁ መንገድ የተቀቀለ እግር ኋላ ሆስፒታል ተኝቼ በነበረበት ክፍል ውስጥ አይቻለሁ። ዱቄቱም ከላይ ቅርፊት ሠርቶ የደረቀ ያስመስላል፤ መግሉ ግን ከሥር ወደ ውስጥ ይሄዳል። እናትሽን አትቆጫቸው፤ በፍቅር ነው የሚያደርጉት። እግሩን በቧንቧ ወይም በተቀዳ ንጹሕ ውኃ አለቅልቀው፣ ውኃው እንዳይሞቅ በራሳቸው ክርን ለክተው፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው፣ ቁስሉን በንጹሕ ፋሻ ሸፍነው ይጠብቁሽ።

ሁለተኛው ነገር ካልሲ ማውለቅ ነው፤ በዚህ ላይ የማልረሳው ቅሬታ አለኝ። በዚያው ሰሞን የስኳር ክትትል ቀጠሮዬ ደርሶ ወደምታከምበት ተቋም ሄድሁ። ጣቴን ወግተው ስኳሬ ከፍ ብሎ 260 መሆኑን ነገሩኝ፤ ባለሙያው ካርዴ ላይ ጽፎ መድኃኒት ጨመረልኝ። «እግሬ ላይ ትንሽ ቁስል አለችኝ» ስለው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ስኳሩ ሲወርድ ይድናል» አለኝ። ለዓመታት በየወሩ ስመላለስ አንድም ቀን «ካልሲዎን ያውልቁ» ያለኝ ሰው አልነበረም፤ የዚያን ቀንም አላለኝም። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ቁስሉ ሲሸት ተመልሼ ብሄድ ደግሞ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ «ቀጠሮዎ ገና ነው፤ ቀኑን ጠብቀው ይምጡ» ብላ መስኮቱን ዘጋችብኝ። እግሬን ላሳያት ብል ፊቷን አዞረች። ከዚያች መስኮት ሥር ተቀምጬ ጫማዬን ያሰርሁባት ደቂቃ እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች፤ መጮኽ ነበረብኝ።

ያዳነችኝ በሌላ ሆስፒታል ያገኘኋት አንዲት ወጣት ነርስ ናት። ገና ሳልናገር ሁለቱንም ካልሲዎቼን ራሷ አወለቀች። ቅርፊቱን አንሥታ ጫፉ ድብልብል የሆነ ቀጭን ብረት ወደ ቁስሉ አስገባችና ድንገት እጇ ቆመ። «አባቴ፣ አጥንት ነካሁ» አለችኝ። ብረት አጥንት የሚነካበት ቁስል አጥንቱ ራሱ ሳይመረዝ አይቀርም ተብሎ ይጠረጠራል፤ የራጁም ውጤት ያንኑ አሳየ። ሁለቱ ጣቶች ተቆረጡ፤ 31 ቀን ተኛሁ። ሐኪሞቹ እግሬን ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ከመቆረጥ ስላተረፉልኝ አመሰግናቸዋለሁ፤ ግን ያቺ ነርስ ያደረገችው ነገር ከሦስት ሳምንት በፊት ቢደረግልኝ ኖሮ ፋሻ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

ስለዚህ አባትሽን ይዘሽ ስትገቢ ማንም እስኪጠይቅ አትጠብቂ፤ እንደተቀመጡ ሁለቱንም ካልሲዎች አውልቂላቸውና እግሩን ሐኪሙ ፊት አድርጊው። ከዚያም ሦስት ነገር በትሕትና ጠይቂ። እግራቸው ስሜት እንዳለው በ10 ግራም ጫና ጎበጥ በሚለው የናይለን ክር ይመርመርላቸው፤ በእግራቸው ጀርባና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ ያለው የደም ምት ይዳሰስላቸው፤ የቁስሉ ጥልቀት ይለካና ሦስት ሳምንት ስላለፈው ራጅ ይታዘዝላቸው። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲህ ሊመረመር ይገባዋል፤ ስሜት ያጣ እግር ያለው ደግሞ ከዚያም ቶሎ ቶሎ።

ክሩ ባይኖርም እቤት የምታደርጊው ቀላል ፈተና አለ። አባትሽ ዓይናቸውን ይጨፍኑ። በሌባ ጣትሽ ጫፍ የአውራ ጣታቸውን፣ የመካከለኛውንና የትንሿን ጣት ጫፍ በሁለቱም እግር ላይ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ያህል ብቻ ቀስ አድርገሽ ንኪ፤ አትጫኝ፣ አትኮርኩሪ፣ አትደጋግሚ። ሲሰማቸው «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበሉ። ከስድስቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ካልተሰማቸው ስሜታቸው ቀንሷል ማለት ነው። እኔ ራሴን ሳስፈትን የተሰማኝ አንዱ ብቻ ነበር።

ጊዜም አትስጪ፤ ስኳር ባለበት ሰው እግር ላይ የወጣ ቁስል በ24 ሰዓት ውስጥ መታየት ነበረበት። ቅላቱ ከቁስሉ አልፎ ከሰፋ፣ ከሸተተ፣ መግል ከያዘ፣ ጣቱ ከጠቆረ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ሰዓትም አይሰጥም፤ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው። የመሐል ሜዳው ሆስፒታል ቅርባችሁ ስለሆነ ከዚያ ይጀመር፤ ወደ ደብረ ብርሃን ካሏችሁም ሂዱ። አባትሽ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚታከሙ ከሆነ መታወቂያውን አትርሺ፤ የሪፈር ወረቀቱም ማኅተም እንዳለው ገና ከክፍሉ ሳትወጪ ተመልከቺ፤ በማኅተም ጉድለት ብቻ ከወረፋ ወጥተው የተመለሱ ገበሬዎችን በዓይኔ አይቻለሁ። በጣርማ በር መንገድ በመኪና ስትመጡ ደግሞ ከሾፌሩ ጎን ሞተሩ አጠገብ አታስቀምጫቸው። ለብርዱ ደግ ቦታ ይመስላል፤ የሞተሩ ግለት ግን እንደ እኔ ከሰል ነው።

ሐኪም ቁስሉን አጥቦ የሞተውን ሥጋ ካነሣ በኋላ የሚመጣው ከባዱ ሥራ አለመርገጥ ነው፤ ለገበሬ ይህን ማስረዳት እጅግ ያስቸግራል። መድኃኒቱ በሰዓቱ ቢወሰድ፣ ፋሻው በየቀኑ ቢለወጥ፣ ያንኑ ቦታ እየረገጡ ቁስል አይድንም። እኔ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በክራንች ሦስት ወር ያህል ተረከዜን እንኳ መሬት ሳላስነካ ቆየሁ። «ሽንት ቤት ድረስ ብቻ ነው» እያሉ መርገጥም መርገጥ ነው። የእርሻው ወቅት ከሆነ ወንድሞችሽን ወይም ወንፈል የሚገቡትን ከአሁኑ አነጋግሪ፤ አባትሽ እርሻው ባዶ መሆኑን እያዩ አይቀመጡምና።

ስለ ወጌሻም ልናገር። ከእኔ ጋር የሚታከም አንድ ሰው እግሩ ያለ ቁስል ቀልቶ፣ አብጦና ከሌላው እግሩ ይልቅ ሞቆ ነበር፤ ወለምታ ነው ተብሎ ለሁለት ሳምንት ታሸ። ስሜት ባጣ እግር ውስጥ ትንንሾቹ አጥንቶች ሰውየው ሳያውቀው ይሰባበራሉ፤ ያበጠው በዚያ ነበር። መታሸቱ ሰባብሮት መሐል እግሩ ወደ ታች ጎብጦ ቀረ፤ አሁን በዚያ ጉብታ ላይ ቁስል አይጠፋውም። የአባትሽ አንድ እግር ከሌላው ይልቅ ቢሞቅና ቢያብጥ ማንም አይሸው፤ ሳይረገጥ ወደ ሐኪም ይወሰድ፣ በጀሶ መታሰር ሊያስፈልገው ይችላል።

ቁስሉ ከዳነ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልንገርሽ፤ እኔ ሰባት ዓመት ያለ አዲስ ቁስል የቆየሁት በዚህ ነው፤ በዚህም እኮራለሁ። በየማታው ባለቤቴ የእግሬን መርገጫና የጣቶቼን መካከል በባትሪ ብርሃን ታያለች፤ እሷ ከሌለች መስታወት መሬት ላይ አድርጌ እኔው አያለሁ። የተረከዝ ንቃቃት እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን እቀባለሁ፤ በጣቶቹ መካከል ግን አልቀባም፣ እርጥበት ያበሰብሰዋልና። ጥፍር በቀጥታ ይቆረጣል፣ ጥጉ አይቦረቦርም፤ የደደረ ቆዳ በምላጭ አይነካም። ጫማ ከመደረጉ በፊት ተገልብጦ ይራገፋል፣ ውስጡም በእጅ ይዳሰሳል። አንድ የማውቀው ሰው ከገበያ እስከ ቤቱ ሲሄድ የዋለው በጫማው ውስጥ በገባች አንዲት የባቄላ ፍሬ ላይ ነበር፤ ማታ ሲያወልቅ ባቄላዋ ሥጋው ውስጥ ተቀብራ ተገኘች። በረባሶና የፕላስቲክ ጫማ ይቅርባቸው፤ ቦቲ ግድ ከሆነም በደረቅ ካልሲ ይሁን፣ ከጭቃው እንደወጡም ይውለቅ። ጫማ ሲገዛ ከሰዓት በኋላ ይገዛ፤ እግር እየዋለ ያብጣልና ጠዋት ልክ የሆነው ማታ ይጠባል።

ቤተ ክርስቲያን ጫማ ማውለቅ እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔም አወልቃለሁ። ወፍራም ንጹሕ ካልሲ አድርጌ እገባለሁ፣ ስወጣም እግሬን አያለሁ። አባትሽ ወደ ጻድቃኔ ማርያም በባዶ እግራቸው የመሄድ ልማድ ካላቸው ግን ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋገሩበት፤ የእኔ የንስሐ አባት «በጫማህ ሂድ» ብለውኛል። ፀበልም ይጠመቁ፤ ብቻ ቁስሉ እስኪድን እግራቸውን አይዘፍዝፉት፣ ሲጨርሱም በጣቶቹ መካከል ይድረቅ።

ለተቆረጠ ወይም ለተጣመመ እግር የሚሆን ልዩ ጫማ እንደሚሠራ ብዙ ሰው አያውቅም። የዚህ ጫማ መነሻ የሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ሆስፒታልም በ1965 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲመሠረት ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበር። ፖል ብራንድ የተባሉት የቀዶ ሕክምና ሐኪም በህንድ አገር የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክሙ ጣቶቻቸው የሚያልቁት በሽታው ስለበላቸው ሳይሆን ሕመም ስለማይሰማቸውና ስለሚጎዱ መሆኑን አሳዩ፤ ያ ዕውቀት ኋላ ለስኳር ሕሙማን እግር ዋለ። የእኔ ጫማ ከውስጡ ለስላሳ ንጣፍ አለው፣ ጣቶቼ በነበሩበት በኩልም ክፍተቱ ተሞልቷል። ስለዚህ ጫማ ሐኪሙን ሳትጠይቂ አትውጪ።

ቅዳሜ እሄዳለሁ ብለሻል፤ ቅዳሜ ሩቅ ነው። ዛሬ ለእናትሽ ደውለሽ የጨው ውኃውን አስቁሚ፣ ነገ ጠዋት ከወንድሞችሽ አንዱ በበቅሎም ሆነ በባጃጅ ሐኪም ቤት ያድርሳቸው፤ አንቺ እዚያው ትደርሺባቸዋለሽ።