ጡንቻ ከስፖርት በኋላ ራሱን እንዴት ያድሳል? የድሬዳዋና የሐረር ሰዎች ጥያቄዎች

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ ስፖርት ስሠራ ጡንቻዬ ይፈርሳል ወይስ ይገነባል?

መልስ፦ ሁለቱም። ጡንቻ ሲሠራ አንዳንድ ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን ያጣሉ፤ ጉልበት አመንጪው ማይቶኮንድሪያም ይጎዳል። የተበላሸ ነጠላ ፕሮቲን ዩቢኩዊቲን የሚባል ምልክት ይለጠፍበትና ፕሮቲያሶም በሚባለው የሴሉ ፕሮቲን መቁረጫ ውስጥ ይቆራረጣል። እዚያ የማይገባው ትልቁ ነገር፣ ለምሳሌ አንድ ሙሉ ማይቶኮንድሪያ፣ በሽፋን ተጠቅልሎ ላይሶዞም ወደሚባለው የሴሉ መፍጫ ከረጢት ይሄድና በኢንዛይሞች ይፈጫል። ይህ ኦቶፋጂ ይባላል፤ ጃፓናዊው ሳይንቲስት ዮሺኖሪ ኦሱሚ አሠራሩን በእርሾ ላይ ስለገለጡ የ2016 እ.ኤ.አ.ን የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ከፍርስራሹ የሚወጣው አሚኖ አሲድ አብዛኛው ለአዲስ ፕሮቲን ይውላል።

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ ኦቶፋጂ ያለ ጾም አይነሳም ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት አይጦች መሮጫ ማሽን ላይ 30 ደቂቃ ሲሮጡ ኦቶፋጂው በጡንቻቸው ውስጥ ጨምሯል፤ እስከ 80 ደቂቃም እያደገ ሄዷል። ሴሉ ጉልበት ሲያጥረው ኤኤምፒኬ የሚባል ፕሮቲን ይነቃል፤ እሱ ማጽዳቱን (ኦቶፋጂውን) ያስጀምራል፣ ግንባታውን የሚያዘውን ኤምቶርን ደግሞ ያረግባል። ግን የአይጥ ደቂቃ ለሰው አይሠራም፤ ስለዚህ «ይህን ያህል ሮጬ ኦቶፋጂ አስነሳሁ» የሚልሽን አትስሚው። በረመዳን ከባዱን ልምምድ ከኢፍጣር በኋላ አድርጊው። በድሬ ሙቀት ውኃ ሳይጠጡ መጨከን ለጡንቻም ለኩላሊትም አደጋ ነው።

ጥያቄ (ከሐረር ጀጎል)፦ ዳገት ስሮጥ ምንም አልሆንም፤ ቁልቁለት ከወረድኩ በማግስቱ ግን ጭኔ አላስቀምጥ ይለኛል። ለምን?

መልስ፦ ቁልቁለት ላይ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ክብደትህን የሚይዘው። ያን ጊዜ በጡንቻው ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ጭረቶች የሚያያይዘው ዜድ መስመር ይዛነፋል፤ በቦታው ያለው ፊላሚን የሚባል ፕሮቲንም ተጎድቶ መተካት አለበት። ሕመሙ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ይበረታል። ላክቲክ አሲድ ነው የሚባለው ስህተት ነው፤ እሱ በአንድ ሰዓት አካባቢ ከደም ይጸዳል። በ5 ደቂቃ ቁልቁለት ጀምር፣ ሲሻልህ ድገመው፤ ሁለተኛው በጣም ይቀላል፣ ምክንያቱም ጡንቻው ራሱን አጠናክሮ ነው የሚጠብቅህ። ሽንትህ እንደ ወፍራም ሻይ ከጠቆረ ግን ሳትውል ሳታድር ሆስፒታል ሂድ፤ ጡንቻው በብዛት ፈርሶ ኩላሊትህን እየጎዳ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ 65 ኪሎ ነኝ፤ የፕሮቲን ዱቄት መግዛት አልችልም።

መልስ፦ አያስፈልግህም። ክብደት ለሚያነሳ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ 1.6 ግራም ፕሮቲን ይበቃል፤ ላንተ በቀን 104 ግራም። አራት ቦታ ብትከፍለው በአንድ ገበታ 26 ግራም ይሆናል። መቶ ግራም የባቢሌ ኦቾሎኒ 25 ግራም ገደማ አለው፤ መቶ ግራም ደረቅ ምስርም ወደ 24 (ሲቀቀል ውኃ ስለሚይዝ ደረቁን መዝን)። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም አለው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ቁርስና ምሳን በእንጀራና በሻይ አልፈው ሁሉን ለእራት በማቆየት ነው።

ጥያቄ፦ ከልምምድ በኋላ ጫት እቅማለሁ። ይጎዳል?

መልስ፦ ይጎዳል። የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍንም ይነሳል፤ ጡንቻ የሚገነባው ደግሞ በእነዚህ ሁለቱ ነው። ከባድ በሠራህበት ቀን ተወው።

ጥያቄ፦ እግር በየቀኑ ልሥራ?

መልስ፦ አይ። ከክብደት ልምምድ በኋላ የፕሮቲን ግንባታው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ከፍ ብሎ ይቆያል፤ በመሃል ደግመህ ከባድ ብትጭንበት ጥገናው ሳያልቅ ትጎዳዋለህ። ሁለት ቀን አሳልፈህ ተመለስበት፤ በመሃል ሌላ ጡንቻ ሥራ ወይም ረጋ ብለህ ተራመድ።